ቅርጫ፤ ስለ በዓል ወጪ መካፈልና ስለ ወዳጆች የቃል ውል በኮልፌ ቀራንዮ

የአዲስ አበባን ሕዝብ የመረዳዳት ልማድ የመረመሩ ጸሐፊዎች ይልቁን ያተኰሩት በዕቁብና በዕድር ላይ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ስለ መረዳዳት ልማዶቻችን ጽፈዋል፤ ሌሎችም ተከትለዋቸዋል። ዕቁብና ዕድር ዳኛና ጸሐፊ፥ መዝገብና ደንብ ስላላቸው ለመርማሪ ይመቻሉ። ቅርጫ ግን በማለዳ ተጀምሮ ከቀትር በፊት ስለሚፈጸም የሚተወው ጽሑፍ የለም። ሆኖም ወዳጆች በገንዘብ ምክንያት እንዳይጣሉ ምን ብልሃት እንዳበጁ ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ያስተምራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፥ ቅርጫን ያጸናው መተማመን ብቻ ሳይሆን መተማመንን ከፈተና የሚጠብቀው ሥርዐት መሆኑን ነው።

የቅርጫ ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንድ በሬ ሥጋ ለአንድ ቤተሰብ ይበዛል፤ ቋንጣ ካልሆነ በቀር ማቆያው አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ በባላገር ጎረቤታሞች በሬውን በጋራ አርደው ይካፈሉታል። ይህ ልማድ ከሰው ጋር ወደ ከተማ ገባ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የኢትዮጵያውያን ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ከተዛወረ በኋላ፥ ከመርካቶ በስተ ምዕራብ ያለው ኮልፌ ከጉራጌ፥ ከስልጤ፥ ከጋሞ፥ ከሸዋና ከሌላም አገር የመጣ ነጋዴ፥ ሸማኔና የቀን ሠራተኛ የሚኖርበት ሰፈር እየሆነ ሄደ። በዚህ ሰፈር የቅርጫ ተካፋዮች ብዙውን ጊዜ ዘመዳሞች አይደሉም፤ በሬውም ከበረት ሳይሆን ከገበያ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። የዘመድ ሽማግሌ በሌለበት ስፍራ ዳኛው የአሠራሩ ሥርዐት ሆነ ማለት ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የተካፋዮቹ ቍጥር ይቈረጣል፤ ገንዘብም ይዋጣል። ከብት የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አብረው ወደ ገበያ ይላካሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢሄድ ስለ ዋጋው ሐሜት ሊነሣበት ይችላልና። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በየመደቡ ይደለደላል። ልብ ሊባል የሚገባው፥ እኩልነቱ በክብደት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ዳቢቱም፥ ሽንጡም፥ ጉበቱም፥ ጨጓራውም እየተቈራረጠ በየመደቡ ይዳረሳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተካፋይ ቍልፍ፥ እንጨት ወይም ጠጠር ለዕጣ ይሰጣል፤ የማን መሆኑን የማያውቅ ሰው ተጠርቶ ዕጣውን በመደቦቹ ላይ ይጥላል። የሚደለድለው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ማድላት አይጠቅመውም። ድርሻው ያላስደሰተው ቢኖርም የሚያማው ዕጣውን እንጂ ባልንጀራውን አይደለም። ቆዳው ሲሸጥም ገንዘቡ ለአራጁ ድካም ወይም ለሌላ የጋራ ወጪ ይውላል።

ቅርጫ የሃይማኖትን ወሰን ይከተላል። በአንድ ዕድር አብረው የሚቀብሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በቅርጫ ይለያያሉ። በእስልምና ሕግ ለዐረፋ መሥዋዕት አንድ በሬ እስከ ሰባት ሰው ድረስ ይበቃል፤ ለገናና ለፋሲካ በሚደረገው ቅርጫ ግን ቍጥሩን የሚወስነው የተካፋዮቹ ኪስ ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዐት የሚላላው ዱቤ ሲገባበት ነው። ይህ ጸሐፊ በኮልፌ በተመለከተው አንድ የፋሲካ ቅርጫ፥ ከስምንቱ ተካፋዮች አንዱ ገንዘብ ስላልደረሰለት ባልንጀራው ከፈለለት። ሥጋው በበዓሉ ሰሞን አለቀ፤ ዕዳው ግን ክረምቱን ተሻገረ። ሁለቱም ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም፤ ነገር ግን ባለዕዳው በባልንጀራው ደጅ ማለፍ ተወ፥ ለእንቍጣጣሽም በሌላ ሰፈር ቅርጫ ገባ። አበዳሪውን ያሳዘነው የገንዘቡ መቅረት ሳይሆን የሰውየው መራቅ ነበር።

ሕግም ለእንዲህ ያለው ነገር ብዙ አይረዳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1719 በመሠረቱ ለውል ልዩ ፎርም አያስፈልግም ስለሚል፥ የቅርጫ የቃል ስምምነት ውል ነው። በቍጥር 2472 ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ ማመን ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት እንደማይቻል ይደነግጋል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ መደብ ዋጋ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከወዳጅ ወረቀት መጠየቅ ደግሞ እንደ ስድብ ይቈጠራል።

ስለዚህ ልማዱን የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን ከሥሩ ይቈርጡታል። ገንዘቡ ሳይሟላ በሬ አይገዙም፤ የጎደለበት ቢኖር ከሌላው ጋር ሆኖ አንዱን መደብ ለሁለት ይካፈላል፤ ይህም ካልተቻለ ድርሻው በግልጽ ስጦታ ይሆንለታል። የማይፈቅዱት ስጦታ ይሁን ብድር ሳይለይ ተንጠልጥሎ የሚቀረውን ገንዘብ ነው። ቅርጫ በአንድ ማለዳ የሚያልቀውም ስለዚህ ይመስለናል፤ ተካፋዮቹ ሲለያዩ ለነገ የሚያድር ሒሳብ ካልተረፈ፥ ለሚመጣው በዓል እንደገና መጠራራት አያሳፍርም።