ስም የተጻፈበት ብር

የድሮ ተማሪዎቼ በተገናኘን ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሳ ዓይንዎ እንባ የሚያቀር ሰው ነዎት፤ ታዲያ የእንግሊዞቹን ሜዳሊያ እንዴት ይሰበስባሉ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ። እንግሊዞች ለመቅደላ ዘመቻ ሜዳሊያ ያወጡት ዘመቻው በተፈጸመ በዓመቱ፣ በ1869 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከብር የተሠራ ነው፤ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ብቻ። ከላዩ ዘውድና ቀለበት አለው። ጥብጣቡ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ሰፊ ቀይ መስመር ይወርድበታል። በፊቱ በኩል ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ላይ ስስ ሻሽ ጣል አድርጋ ትታያለች። ዙሪያዋን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ከቧታል። «አቢሲኒያ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ነውና በኮከቡ ጫፎች መካከል አንድ አንድ ፊደል ተሰድሯል። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሱን የገደለበት ሽጉጥ የዚችው ንግሥት ስጦታ እንደነበር ስታስታውሱ፣ ይቺን ትንሽ ብር መዳፍ ላይ አስቀምጦ ማየት ቀላል አይደለም።

እኔን የያዘኝ ግን ፊቱ አይደለም፤ ጀርባው ነው።

እንግሊዞች ለተራው ወታደር ሳይቀር ስሙ የተጻፈበት ሜዳሊያ መስጠት የጀመሩት ከዋተርሎ ውጊያ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስም የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ላይ፣ በጠባቧ ዙሪያ ነው። የመቅደላው ግን ለየት ይላል። ጀርባው ላይ የሎረል ቅጠል ጉንጉን አለ፤ መሃሉ ላይ የወታደሩ ስምና ክፍለ ጦሩ ጎልቶ ይነበባል። የተቀረጸ አይደለም፤ ከብሩ ጋር አብሮ የወጣ፣ በጣት የሚዳሰስ ፊደል ነው። ለዚህ ሲባል ለየሰዉ ለብቻው ማተሚያ ማዘጋጀት ስላስፈለገ ብዙ ወጪ አስወጥቷል። ለሰብሳቢ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። ጠርዝ ላይ ያለ ስም ተፍቆ ሌላ ሊጻፍበት ይችላል፤ ይህኛውን ፍቆ መደበቅ ግን ከባድ ነው።

እንግዲህ ስም ካለ ሰውየውን መፈለግ ይቻላል። ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ሰፈር የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። እዚያ ሜዳሊያ የተሰጣቸው ሰዎች መዝገብ በየክፍለ ጦሩ ተቀምጧል። መጀመሪያ ስሙን ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራላችሁ። ቀጥሎ የጡረታ ወረቀቱን ትፈልጋላችሁ። ወታደሩ በሕይወት ተርፎ በጡረታ ከተሰናበተና ወረቀቱ ካልጠፋ፣ የት አጥቢያ እንደተወለደ፣ ከመቀጠሩ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር፣ ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ የታመመው ሕመም፣ ጠባዩ ሳይቀር ተጽፏል። በአገልግሎት ላይ እያለ ከሞተ ግን ይህ ወረቀት አይኖርም፤ ያኔ የደመወዝ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ወር በወር መከታተል ነው።

እጄ ላይ ካሉት የአንዱ ባለቤት የ33ኛው ክፍለ ጦር ተራ ወታደር ነበር። የተወለደው በ1840ዎቹ፣ አየርላንድን ረሃብ ባረገፋት ዘመን ነው። ከመቀጠሩ በፊት የቀን ሠራተኛ ነበር። በወረቀቱ መጨረሻ፣ ፊርማ በሚቀመጥበት ቦታ፣ የመስቀል ምልክት አለ። መጻፍ አይችልም ነበር ማለት ነው። ያ ሰው የሌላ አገር ንጉሥ አምባ ላይ የወጣው፣ የራሱን አገር በያዘው መንግሥት ደመወዝ ነው። ይህን ሳውቅ ጥላቻዬ ጠፋ አልላችሁም፤ ግን «እንግሊዝ» ስል አንድ ፊት ብቻ ማየት አቆምኩ። በመቅደላ በር ላይ ቀድመው ገብተው የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለሙት ጄምስ በርጊንና ማይክል ማግነርም የዚሁ ክፍለ ጦር አይሪሾች ናቸው። አንዱ ሕንድ ውስጥ ሞተ፤ ሌላው አውስትራሊያ ውስጥ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ሜዳሊያው ያለው ሁሉ መቅደላን አይቷል ማለት አይደለም። ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደር ይዞ ዙላ ላይ ወረደ፤ ከነዚህ ውስጥ አምባው ሥር የደረሰው ግማሹ እንኳ አልነበረም። ሌላው ወደብ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ መርከብ ላይ ቀርቷል። ሜዳሊያው ደግሞ የውጊያ ስም የያዘ ተጨማሪ ዘለበት የለውም። ስለዚህ «የመቅደላ ጀግና ሜዳሊያ» ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ መዝገቡን ሳታዩ አትመኑ።

ከወታደሩ ብዙው ደግሞ እንግሊዛዊም አይሪሽም አልነበረም፤ ከሕንድ የመጣ ነው። የነሱ ሜዳሊያ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ጎልቶ የወጣ ሳይሆን በመዶሻ ምት የታተመ ነው። ርካሹ መንገድ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጦሩን ተከትሎ የመጣው ጫኝ፣ ሙሌ ነጂ፣ ውኃ ቀጂ፣ አብሳይ 26,000 ገደማ ይሆናል። ሜዳሊያው የተሠራው ግን በጠቅላላ 14,000 አካባቢ ነው። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። መድፉን ተሸክመው ዳገቱን የወጡት 44ቱ ዝሆኖች በታሪክ ከብዙዎቹ ሰዎች ይልቅ ታውቀዋል።

አሁን ወደኛ እንምጣ።

በአሮጌ ሜዳ ላይ፣ በዕለተ ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከቴዎድሮስ ጦር 700 ያህል ሰው እንደሞተ፣ 1,200 ያህል እንደቆሰለ ይገመታል። ከእንግሊዞቹ ወገን የቆሰሉት 20 ገደማ ሲሆኑ ከነሱ ሁለቱ ሞተዋል። ከኛ ስንቱን በስም እናውቃለን? ፊታውራሪ ገብርዬን እናውቃለን። ከዚያስ? ጥቂት መኳንንት ቆጥረን እንቆማለን። አለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕሉን ጽፈው ባያቆዩልን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነበር የምናውቀው። ከአምባው ቁልቁል እየሮጠ ወርዶ በስናይደር ጥይት የወደቀው የጋይንት፣ የቋራ፣ የደምብያ ልጅ ቁመቱን የለካ፣ አጥቢያውን የጻፈ የለም።

ለዚህ ነው የምሰበስበው። ሜዳሊያው የነሱን ክብር ስለሚነግረኝ አይደለም። መዝገብ ያለው ሰውና የሌለው ሰው ከ150 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚራራቁ ስለሚያሳየኝ ነው። ያ መጻፍ የማይችል አይሪሽ ዛሬም ይገኛል። የኛው ጎበዝ፣ ምናልባትም ዳዊት የደገመ፣ አይገኝም።

«ታዲያ ገንዘብህን ለነሱ ገበያ መስጠትህ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። እውነት አለው። እኔ ለራሴ ያበጀሁት ድንበር ይሄ ነው፦ ሜዳሊያው ከእንግሊዝ ማምረቻ ወጥቶ ለእንግሊዝ ወታደር የተሰጠ ስለሆነ የሰው ንብረት አይደለም። ከመቅደላ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ የተጫረተው ግን ዘረፋ ነው። መስቀል፣ ጋሻ፣ ብራና ከሜዳሊያ ጋር ተዳብሎ ለሽያጭ ሲቀርብ አልነካም፤ የሚመለስ እንጂ የሚገዛ አይደለምና። የንጉሡ ፀጉር እንኳ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከለንደን ተመልሷል፤ ሌላውም ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አያት ያላችሁ፣ ሽማግሌ ጎረቤት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉ። ቅድመ አያታቸው ማን እንደሚባሉ፣ የት እንደተወለዱ፣ የትኛው ዘመቻ እንደሄዱ፣ የት እንደቀሩ ጠይቁና ጻፉት። አድዋ ይሁን ማይጨው፣ ኮሪያ ይሁን ኦጋዴን። በስልክ አትቅዱት ብቻ፤ በወረቀት ላይ ከነቀኑ ጻፉት። ጽፋችሁ ለሁለት ሰው ስጡ፤ አንዱ ቢያጠፋው ሌላው ጋ ይገኛል።