ተደጋጋሚ የሃርድ ዲስክ ብልሽት (በአሮጌ ላፕቶፕ)

ተደጋጋሚ የሃርድ ዲስክ ብልሽት የሚባለው በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ አዲስ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ተገጥሞ፣ እሱም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ መልሶ ሲበላሽ ነው። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ዊንዶውስ ሲነሳ ይንቀረፈፋል፣ ፋይል ሲገለበጥ መሀል ላይ ቀጥ ይላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ማሽኑ ጭራሽ ዲስክ እንደሌለው ይናገራል። «ሃርዱ ሞቷል» ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ እሱም እንደ ፊተኛው ይሆናል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለትና መገናኛ ባሉ ሱቆች ያገለገሉ ላፕቶፖች ይሸጣሉ፣ ይጠገናሉ፤ የተማሪውም የሂሳብ ሠራተኛውም ሥራ ያረፈው በእነሱ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ከውጭ የሚገባን ዕቃ ያለ ምርመራ ደጋግሞ መቀየር ኪስ ያራቁታል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን የመመረቂያ ጽሑፉና የሠርጉ ፎቶ አብሮ መጥፋቱ ነው።

የመጀመሪያው ዲስክ በእርጅና ቢሞት አያስገርምም። እዚያው ማሽን ውስጥ ሁለተኛው አዲስ ዲስክ ሲሞት ግን መጠርጠር ያለበት ላፕቶፑ ነው።

ኬብልና ማገናኛ

በብዙ ላፕቶፖች ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ፍላት ኬብል ነው። ለዚህ ችግር ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ባለ 13 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ (ኤ1278)፣ በተለይም የ2012ቱ ሞዴል ነው። አፕል እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሸጠው ስለቆየ በዩዝድ ገበያ ላይ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ኬብሉ በዲስኩና በአሉሚኒየሙ አካል መካከል ተጨፍልቆ ይተኛል፣ ጥጉ ላይም አጥብቆ ይታጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ ሽፋኑ ይፋቃል፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን መስመሮችም ይሰነጠቃሉ፤ በዓይን ሲታይ ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ዘገምተኛው አሮጌ ዲስክ በዚህ ኬብል እንደምንም ይሠራ ይሆናል። በሰከንድ 6 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው ኤስኤስዲ ሲገጠም ግን የተደበቀው ጉዳት ይወጣል። ባለቤቱ ኤስኤስዲውን ይረግማል፣ ይመልሳል፣ ሌላ ያመጣል። መፍትሔው አዲስ ኬብል መቀየርና ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ ማገጃ ፕላስተር መለጠፍ ነው።

ችግሩ ከኬብሉ አልፎ በማዘርቦርዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል በጃንዋሪ 31 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. «6 ሲሪስ» በሚባሉት ቺፕሴቶቹ ላይ አንዳንድ የሳታ (የዲስክ) ማገናኛዎች በጊዜ ብዛት እንደሚዳከሙ አስታውቆ ምርቱን ማቅረብ አቁሞ ነበር፤ ለጥገናና ለመተኪያ የገመተው ወጪ 700 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዲቪዲ ማጫወቻው ቦታ የሚገባው ርካሽ ካዲም (የዲስክ መያዣ) ተመሳሳይ መዘዝ አለው፤ ሃርድ ዲስኩን ወደዚያ አዛውሮ በዋናው ቦታ ኤስኤስዲ መግጠም የተለመደ ስለሆነ፣ ካዲውን ሳይመረምሩ በዲስኩ ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። «የሞተው» ዲስክ ይወጣና በዩኤስቢ ኬዝ ተደርጎ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። ውጭ ሆኖ ለሰዓታት ያለ ችግር ከሠራ፣ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የማገናኛው ነው።

መብራት፣ ባትሪና ቻርጀር

ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ያለቀ ነው። ባለቤቱም በቻርጀር ብቻ እየተጠቀመ ማሽኑን እንደ ዴስክቶፕ ያደርገዋል። መብራት በሄደ ቁጥር ዲስኩ በሥራ መሀል ይቋረጣል ማለት ነው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጭንቅላት በሰሌዳው ላይ በስሱ የአየር ንጣፍ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ኃይል በድንገት ሲጠፋ፣ ከሞተሩ መሽከርከር የሚገኘው ቅሪት ኃይል ጭንቅላቱን በጥድፊያ ወደ ማረፊያው ይጎትተዋል። አምራቾች የላፕቶፕ ዲስክ በተለመደው መንገድ 600,000 ጊዜ ያህል ጭንቅላቱን ማሳረፍ እንደሚችል ይገልጻሉ፤ ለድንገተኛው ማረፍ የሚሰጡት ቁጥር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ባይኖረውም ከዚህ አይድንም። እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት የትኛው መረጃ የት እንዳለ የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ ሊዛባ ይችላል፤ ያኔ ማሽኑ ዲስኩን ማየት ያቆማል። ሞተ ተብሎ ከመጣሉ በፊት ክሩሻል የተባለው አምራች የሚመክረው ዘዴ ይሞከር፦ ዲስኩ መረጃ ሳይነበብበት ኃይል ብቻ እያገኘ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ አንዳንዶቹ ራሳቸውን አስተካክለው ይነሳሉ።

ለዚህ ሁሉ ከማንኛውም ዩፒኤስ የሚበልጠው በራሱ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ጤነኛ ባትሪ ነው። አቅም ካነሰ ከኤስኤስዲ በፊት ባትሪ መግዛት ይሻላል።

ቻርጀሩም ይፈተሽ። የላፕቶፕ ዲስክ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር 1 አምፔር ገደማ ይስባል። ቻርጀሩ ወይም ማዘርቦርዱ ይህን መስጠት ካቃተው ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ደጋግሞ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሌላ ማሽን ላይ ጸጥ ብሎ ከሠራ ድምፁ የዲስኩ ሕመም አይደለም።

ከፍታው

የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ሰሌዳው ይጠጋል፣ ሙቀትም በቀላሉ አይወጣም። ይሁንና አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር እንዲሠሩ ተደርገው የተመረቱ ስለሆነ የቦሌ ከፍታ ብቻውን ዲስክ አይገድልም። 3,200 ሜትር አካባቢ የሆነው የእንጦጦ አናት ግን ከዚያ ወሰን ያልፋል። በከተማው ውስጥ ይበልጥ የሚያሰጋው አቧራ የዘጋው ፋንና ሳይጠፋ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ በሚኒባስ ሲንገጫገጭ የሚሄድ ላፕቶፕ ነው።

ዲስኩ የሚይዘው መዝገብ

እያንዳንዱ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱን የጤና መዝገብ ይይዛል፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይነበባል። የወጡት ዲስኮች ሁሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተነብበው መወዳደር አለባቸው። በመዝገቡ ውስጥ በ5 እና በ197 ቁጥር (በፕሮግራሙ ላይ ሲ5) የሚታዩት መለኪያዎች ካደጉ ሰሌዳው ራሱ ተጎድቷል። 199 (ሲ7) ብቻውን ካደገ መረጃው የሚበላሸው በመንገድ ላይ ስለሆነ ኬብሉ ይጠርጠር። 192 (ሲ0) በብዙ ዲስኮች ላይ ድንገተኛ የኃይል መቋረጥን ይቆጥራል፤ 191 ደግሞ ንዝረትንና መመታትን። ፕሮግራሙ ሲከፈት ቁጥሮቹን በሄክሳዴሲማል ስለሚያሳይ ወደ አሥርዮሽ ካልተቀየሩ አንባቢውን ያሳስታሉ።

መዝገቡ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም። የጉግል ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው ባወጡት ጽሑፍ፣ ከተበላሹት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋነኞቹ የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም። ስለዚህ ከማንኛውም ፍተሻ በፊት ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ዊንዶውስ አሁንም ከተበላሸ ራሙ ይመርመር። አፕግሬድ ሲደረግ ራምም አብሮ ይጨመራል፤ የተበላሸ ራም የተሳሳተ መረጃ ወደ ዲስክ ስለሚጽፍ ጥፋቱ የዲስኩ ይመስላል። ሜምቴስት86 ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ ይህን ይለያል።

199 ቁጥሩ ብቻ ያደገበት ዲስክ አይጣል። ያ ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ስለዚህ ተጽፎ ይያዝና ዲስኩ በሌላ ማሽን ላይ ይገጠም። ከሳምንታት ሥራ በኋላም ካልጨመረ ዲስኩ ያለ ሥጋት ይሠራበታል።