የምእመናን ተወካዮች ምርጫ በሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች የሚተዳደሩት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጋራ በሚወከሉበት ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አማካይነት ነው። በድሬዳዋ ሀገረ ስብከት ሥር በሚገኙ አጥቢያዎችም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከምእመናን ወገን ለጉባኤው ከሚመረጡት መካከል በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ የሂሳብ፣ የምህንድስናና የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ስለሚገኙበት፣ ምርጫው የሚከናወንበትን አግባብና የመንግሥት ሠራተኛው ድርሻ የሚያበቃበትን ወሰን ለይቶ ማወቅ ተገቢ ይሆናል።

አመሠራረቱ

ሰበካ ጉባኤ የተደራጀው በ1965 ዓ.ም በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተሰኘው ደንብ ነው። ስያሜው የግእዝ ሲሆን ትርጉሙ የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። ደንቡ የወጣው በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሲሆን፣ እኚህ አባት በ1963 ዓ.ም በፕትርክና መንበር ከመቀመጣቸው በፊት ድሬዳዋን ያጠቃልል በነበረው በሐረርጌ ሀገረ ስብከት ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

ከዚያ ቀደም የአጥቢያ አስተዳደር በአብዛኛው የተመሠረተው በመሬት ገቢና ከላይ በሚሾሙ አለቆች ላይ ስለነበር ምእመኑ በገንዘብና በንብረት ጉዳይ የነበረው ድምፅ አነስተኛ ነበር። ደንቡ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም፣ የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ቤተ ክርስቲያኒቱ ዋነኛውን የገቢ ምንጯን አጣች። አጥቢያዎችም የካህናትን ደመወዝና የሕንፃ ወጪ ለመሸፈን በምእመናን አስተዋጽኦ ላይ የተመሠረቱ ሆኑ። በመሆኑም ለማማከር የተከፈተው የምእመናን ተሳትፎ የህልውና ጉዳይ ወደ መሆን ተሸጋገረ። ቃለ ዓዋዲ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ሲሆን፣ በ1991 ዓ.ም የወጣው ማሻሻያ በሰፊው ይታወቃል።

የምርጫው ሂደት

የተመራጮች የአገልግሎት ዘመን ሦስት ዓመት ነው። ጊዜው ሲቃረብ ምርጫው የሚካሄድበት ዕለት በአጥቢያው ዐውደ ምሕረት ለምእመናን ይነገራል፤ አስመራጮችም ይሰየማሉ። ነባሩ አስተዳደር የሥራና የሂሳብ ዘገባ ለጉባኤው ያቀርባል፤ ከዚያም ዕጩዎች ተጠቁመው ድምፅ ይሰጣል። የቤተ ክህነት ተወካዮችም ሂደቱን ይከታተላሉ።

ድምፅ የሚሰጠውም ሆነ የሚመረጠው በአጥቢያው የተመዘገበና የአባልነት አስተዋጽኦውን የሚከፍል ምእመን ነው። ተመራጩ በሃይማኖቱና በምግባሩ የተመሰከረለት፣ ንስሐ አባት ያለው ሊሆን ይገባል። የጉባኤው ሊቀ መንበር የደብሩ አስተዳዳሪ ሲሆን፣ ምክትሉ በተለምዶ ከምእመናን ወገን ይሆናል። አጥቢያዎች በወረዳ ቤተ ክህነትና በሀገረ ስብከት ደረጃ ይወከላሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ወር በመንበረ ፓትርያርክ በሚደረገው የጠቅላይ ሰበካ ጉባኤ ዓመታዊ ስብሰባም የየሀገረ ስብከቱ ልዑካን ይገኛሉ።

የተመራጮቹ ኃላፊነት ቀላል አይደለም። የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ፣ የደረሰኝ አጠቃቀም፣ የሕንፃ ሥራና የሠራተኞች ጉዳይ በእጃቸው ያልፋል። የአገልግሎት ዘመኑ አልፎ ምርጫ ሳይደረግ ከቆየ፣ ወይም ርክክቡ በሰነድ ካልተፈጸመ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው የምእመኑ አመኔታ ነው። አመኔታው ሲቀንስ አስተዋጽኦው ይቀንሳል፤ አስተዋጽኦው ሲቀንስ ደግሞ የካህኑ ደመወዝ ይስተጓጎላል።

የመንግሥት ሠራተኛው ድርሻ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች ሃይማኖታቸውን የሚያደራጁባቸውን የአስተዳደር ተቋማት የማቋቋም መብት ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 398 የሕግ ሰውነት ተሰጥቷታል። እነዚህ ድንጋጌዎች በአንድነት ሲታዩ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በምእመንነቱ ሊመርጥና ሊመረጥ ይችላል፤ ሆኖም የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም፣ ተሽከርካሪ፣ የሥራ ሰዓት ወይም የሹመት ተሰሚነት ወደ ጉባኤው ይዞ መግባት አይገባውም።

የምርጫ ቦታ ጉዳይም ጥንቃቄን ይሻል። በ2005 ዓ.ም የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ምርጫ በቀበሌዎች በመካሄዱ፣ ምርጫው በመስጊዶች እንዲሆን ይጠይቁ ከነበሩ ሙስሊሞች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ማስነሣቱ ይታወሳል። በ1999 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከድሬዳዋ ነዋሪ 71 ከመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ከመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ይህን በመሰለ ከተማ አስተዳደሩ ለሁሉም እምነቶች ምርጫ እኩል ርቀት መጠበቁ ለሰላም መሠረት ነው።

የሌሎች ተሞክሮ

በግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን መጅሊስ አል ሚሊ የተባለው የምእመናን ምክር ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1874 ነበር። ምክር ቤቱ በንብረት አስተዳደር ላይ ያለው ሥልጣን በግልጽ ባለመለየቱ ከፓትርያርክ ቄርሎስ አምስተኛ ጋር ተጋጨ። እ.ኤ.አ. በ1892 የግብፅ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ፓትርያርኩን ወደ ገዳም ቢልካቸውም፣ በምእመናን ግፊት በቀጣዩ ዓመት ወደ መንበራቸው ተመልሰዋል። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው ጠቅላላ ሲኖዶስ ምእመናን የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው።

በኢትዮጵያ የተመረጠው መንገድ ምእመናንን በተለየ ምክር ቤት ሳይሆን ከካህናት ጋር በአንድ ጉባኤ ማስቀመጥ ነው። የዚህ አደረጃጀት ጥንካሬ የሚለካውም በሦስት ዓመቱ ማብቂያ ላይ ነባሩ ተመራጭ ሂሳቡን አስመርምሮ፣ ቁልፉንና መዝገቡን ለተተኪው በሰላም በማስረከቡ ነው።