ፀሐይ የመታው ችግኝ ለምን ይነጣል?

በክረምት ተገዝቶ በቦሌ፣ በገርጂ ወይም በሲኤምሲ ግቢ ውስጥ የተተከለ ችግኝ፣ መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲገለጥ ቅጠሉ ሊገረጣ፣ አልፎም ሊነጣ ይችላል፡፡ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የውኃ ወይም የማዳበሪያ እጥረትን ነው፡፡ በጥላ ሥር ያደገ ችግኝ በድንገት ፀሐይ ላይ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ከነጣ ግን፣ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ብርሃኑ ራሱ ነው፡፡

ነገሩን ከብቅል መጀመር ይቀላል፡፡ ተነክሮና ተሸፍኖ በጨለማ የበቀለ ገብስ ቡቃያው ነጭ ወይም ቢጫ እንጂ አረንጓዴ አይደለም፡፡ አበባ የሚያብቡ ዕፅዋት አረንጓዴውን ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ ያለ ብርሃን ሠርተው መጨረስ አይችሉም፡፡ ሥራው ፕሮቶክሎሮፊላይድ የተባለ ውህድ ላይ ደርሶ ይቆምና ብርሃን ይጠብቃል፡፡ ብርሃኑ ሲመጣ ቡቃያው በሰዓታት ውስጥ አረንጓዴ መሆን ይጀምራል፡፡ ይሁን እንጂ ይኸው ውህድ ከልክ በላይ ተከማችቶ ብርሃን ካገኘው፣ ኦክሲጅንን ወደ አጥፊ ዓይነት ይለውጥና ሕዋሱን ያቃጥላል፡፡

ያደገ ቅጠልም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም፡፡ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ክሎሮፕላስት ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ሲይዝ፣ ትርፉ ኃይል ወደ ኦክሲጅን ይተላለፋል፡፡ ቀድሞ የሚጎዳው ዲ1 የተባለው ፕሮቲን ሲሆን ጤነኛ ተክል ያለማቋረጥ ይተካዋል፡፡ ካሮትን ቀለም የሚሰጡት ካሮቲኖይዶች ደግሞ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጠው ያስወግዳሉ፡፡ የጥላ ቅጠል ብርሃን ለመሰብሰብ እንጂ ለመከላከል ብዙም አልተዘጋጀም፡፡

የቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፡፡ በ1,000 ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፡፡ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፡፡ ብርድ ያደነዘዘው ቅጠል ጥገናው ገና ሳይፋጠን የማለዳ ፀሐይ ይመታዋል፡፡

ጉዳቱ የቀለም ምርቱን ጭምር የሚያቆመው ለምንድን ነው? ክሎሮፊልም ካሮቲኖይድም የሚሠሩት እዚያው ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው፤ ፋብሪካው ከተቃጠለ ምርት የለም፡፡ ከዚህም በላይ ለምርቱ የሚያስፈልጉ አብዛኞቹ ኢንዛይሞች የሚታዘዙት ከሕዋሱ ኒውክለስ ነው፡፡ ኖርፍሉራዞን የተባለው የአረም ማጥፊያ ካሮቲኖይድ እንዳይሠራ ያግዳል፡፡ ተመራማሪዎች በዚህ መድኃኒት የታከመ ችግኝ ላይ ብርቱ ብርሃን ሲያበሩበት ክሎሮፕላስቱ ይቃጠላል፤ ኒውክለሱም ትዕዛዙን ይቀንሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1993 ጆአን ቾሪና ባልደረቦቻቸው ይህ መልዕክት የማይደርሳቸውን የአራቢዶፕሲስ ችግኞች አገኙ፡፡ አራቢዶፕሲስ የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም ናት፡፡ በ2001 ከነዚህ በአንደኛው የተበላሸው ዘረመል ክሎሮፊል ከሚሠሩት ኢንዛይሞች የአንዱ ክፍል ሆኖ ተገኘ፡፡

ቀይ ቀለም ግን ሌላ ነው፡፡ የጽጌረዳና የማንጎ ለጋ ቅጠል የሚቀላው ከክሎሮፕላስት ውጪ በሚሠራ አንቶሳያኒን ነው፤ ብርሃን ይከልላል እንጂ የጉዳት ምልክት አይደለም፡፡

ለመለየት ቅጠሉን ገልጦ ማየት ይበቃል፡፡ ናይትሮጅን ሲያንስ ቢጫው ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል፡፡ ብረት ሲያንስ ለጋው ቅጠል ይገረጣና ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ፡፡ ብርሃን የጎዳው ግን ፀሐይ የሚያየው ገጽ ነው፤ ሌላ ቅጠል የጋረደው ቦታ አረንጓዴነቱን ይዞ ይቆያል፡፡ እንዲህ ላለው ዩሪያ አይፈይድም፡፡ የነጣውና የደረቀው ቦታ ባያገግምም አዲስ የሚወጣው ቅጠል ከብርሃኑ ጋር ተላምዶ ያድጋል፡፡

በግቢ ለሚተከል ቡና ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ በተፈጥሮው የጥላ ተክል ነውና፡፡ ችግኙን ከመትከል በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በመጀመሪያ ለአንድና ለሁለት ሰዓት፣ ቀስ በቀስም ለረዘመ ጊዜ ፀሐይ ማሳየት ይጠቅመዋል፡፡ ከተተከለ በኋላም ከቀትር ፀሐይ የሚጋርደው ነገር ቢቆምለት ጥሩ ነው፡፡