የሶፍትዌር ጥቅሎች ታሪክና የወልድያ ጉዳይ

አንድ ሶፍትዌር ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ጥቅሎች ተመርኩዞ ይሠራል። ጥቅሎቹ በየጊዜው ስለሚታደሱ ትናንት የሠራው ዛሬ ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥቅል በዕትሙ ቁጥር ለይቶ የሚያመጣ መሣሪያ አስፈለገ።

የፐርል ቋንቋ ማከማቻ ሲፓን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995፣ ኤን.ፒ.ኤም. ደግሞ በ2010 ተጀመሩ። በ2005 የተሠራው ጊት ሰብሞጁል የተባለውን ዘዴ በ2007 ጨመረ፤ ይኸውም የሌላውን ሥራ በአንድ በተወሰነ ዕትም ላይ የሚያስር ነው።

ነገር ግን ማሰር ማስቀመጥ አይደለም። ሰብሞጁል የሚመዘግበው አድራሻውንና ዕትሙን ብቻ ነው፤ ሥራው ራሱ በሩቅ አገር ይቀራል። በ2016 ሌፍት ፓድ የተባለችውን የ11 መስመር ጥቅል ደራሲዋ ከኤን.ፒ.ኤም. ቢያነሣት፣ በዓለም ላይ የብዙዎች ሥራ ተስተጓጐለ።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ይልቁንም ይከብዳል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመርሳም ካምፓስ አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና ሀብሩን በያዘ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ የዩኒቨርሲቲውም ንብረት ተዘረፈ። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ።

እንዲህ ባለ ቀን የዕትም ዝርዝር የእህል ስም እንጂ እህል አይደለም። ስለዚህ የወልድያ ተማሪ ዕትሙን ከመዘገበ በኋላ የጥቅሉን ቅጂ ከሥራው ጋር ያኑር፤ ሌላም ቅጂ ከከተማው ውጭ ያስቀምጥ። ጐተራው በደጅ የሆነ ሰው መንገድ ቢዘጋ አይራብም፤ ጐተራው ቢዘረፍም ሁለተኛው ይተርፈዋል።