ነጭ ሽንኩርት መቼ ይነቀላል?

ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ብርዷ የሚቆነጥጥ፣ የጉና ተራራ ጎረቤት ናት። አክስቴ እዚያ ጓሮዋ ውስጥ ሁለት መደብ ነጭ ሽንኩርት ነበራት። በልጅነቴ አንድ ክረምት እርሷ ዘንድ ስከርም፣ ቅጠሉ አምሮብኝ አንዱን ጎትቼ ነቀልሁት። ራሱ ገና አልተከፋፈለም፤ ድፍን ነው። «አንት ልጅ፣ ሳይወለድ ገደልኸው!» አለችኝ።

ሕጓ አጭር ነበር፦ የታችኞቹ ቅጠሎች ይድረቁ፣ የላይኞቹ ይለምልሙ፣ ያኔ አንዱን ቆፍረህ እይ። ነገሩ እውነት ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ከሥሩ ራሱን የሚሸፍን አንድ ልባስ ነው። ቅጠሉ ሁሉ እስኪደርቅ ከጠበቁ ልባሱ ይበሰብስና ፍልቃቂው አፈር ውስጥ ይበታተናል። ከተቻኮሉ ደግሞ ውኃ የቋጠረ ነውና ጎተራ አይውልም። እርሷ ከነቅጠሉ ጎንጉና ማድቤት ጣሪያ ሥር ትሰቅለው ነበር።

መቼም ይህ የጓሮ ወግ እንጂ ታሪክ አይመስልም። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት በገበሬ ጓሮ ዘር አያፈራም፤ የሚበላው ፍልቃቂ ራሱ ነው የሚተከለው። ስለዚህ የአክስቴ ሽንኩርት የእናቷ ሽንኩርት ልጅ አይደለም፤ ያው ራሱ ነው፣ የአያቷም። አንድ ዓመት ያለጊዜው ከተነቀለ፣ ወይም የተሰቀለው ከተበላ፣ አለቀ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስጎትተው፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ጎንደር በ1859 ተቃጥላ፣ የበጌምድርም ገበሬ በጭፍራው ተዘርፎ ነበር። ስለ መድፉ፣ ሰባት ቶን ገደማ ስለሚመዝነው፣ ብዙ ተጽፏል፤ የጓሮን ነገር ማን ይጽፋል? እኔ ግን ወር እቆጥራለሁ። በክረምት መግቢያ የተተከለ ነጭ ሽንኩርት በዚያ ደጋ አራት አምስት ወር ይፈልጋል። በመስከረም ማብቂያ ገና አረንጓዴ ነው። ጭፍራ ደግሞ ቅጠል እስኪደርቅ አይጠብቅም።

ሃያ ዓመት ቆይቶ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1880 እስከ 1884። ከብቱ አልቆ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ። ጓሮ እንኳ በዶማ ይቆፈራል፤ ግን ያን ጊዜ ዘሩን ሳይበላ የቆየ ማን ነበር? አንድ ሰው፣ ምናልባትም አንዲት ሴት፣ ልጆቿ እየተራቡ ያልነካችው ጉንጉን የነበረ ይመስለኛል። ወይም ከጎረቤት ለምና ይሆናል።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ነጋዴ መኪና ይዞ መጥቶ፣ ዋጋው ሳይወድቅ ብሎ ሁለቱንም መደብ በእርጥቡ ሸጦለታል።

«ለዘር አስቀረህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዘር ከገበያ ይገዛል!»

ከገበያ በሚገዛ ፍልቃቂ ሥር የሚያበሰብስ ነጭ ሻጋታ ሊገባ ይችላል፤ አንዴ ከገባ መሬት ውስጥ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀመጣል። ልነግረው ብዬ የማዳበሪያ ዕዳውና የልጆቹ ደብተር ትዝ አለኝ። የከተማ ሰው በስልክ ምክር መስጠት አይከብደውም እኮ።

«የእናትህ ጉንጉን አንድ ራስ እንኳ አልቀረም?» አልሁት።

«ማድቤት ሦስት ራስ ሳትኖር አትቀርም።»

«እንዳትበሉብኝ» አልሁት።