ስለ ለማዳ ጥንቸል ቤትና ቀለብ

ለልጆችዎ ደስታ ሲሉ አንዲት ጥንቸል ገዝተው በጠባብ ሳጥን ቢያኖሯት፥ ያ ሳጥን በመጀመሪያ ለምን ጉዳይ እንደ ተሠራ ጠይቀው ያውቃሉን?

ሮማዊው ሊቅ ዋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት የጥንቸል ቤት ይነግረናል። አንደኛው በግንብ የታጠረ መስክ ነው። ግንቡ ድመትና ሌላ አውሬ እንዳይገባበት የተለሰነ፥ ተኩላም እንዳይዘለው ከፍ ያለ ነበር፤ በውስጡ ቀን የሚሸሸጉበት ቁጥቋጦና ሣር፥ ንስርም እንዳይወርድባቸው ቅርንጫፉ የተንሰራፋ ዛፍ ያስፈልጋል ይላል። በዚህ መስክ ከዱር ጥንቸሎች ጋር፥ ጉድጓድ ቆፋሪዋ የእስፓኝ ጥንቸል እንድትኖር ይመክራል። የዛሬይቱ ለማዳ ጥንቸል ዘሯ ከዚህችው ነው፤ በሀገራችን ዱር የምናያት ግን ዘመዷ እንጂ እርሷ አይደለችም።

ሁለተኛው ቤት ጠባብ ማጎሪያ ነው። ዋሮ እንደሚለው፥ ከመስኩ የተያዙትን በዚህ ዘግቶ ማድለብ በዘመኑ ገና አዲስ ልማድ ነበር። እንግዲህ ሳጥኑ ከጥንት ጀምሮ የድልብ ቤት ነው።

ሆኖም ሮማውያን ሁሉ ለሆዳቸው ብቻ ያኖሯት አይመስልም። በደቡብ እንግሊዝ፥ በፊሽቦርን የሮማውያን ቤተ መንግሥት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ተቆፍሮ የወጣ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል አጥንት በዕቃ ቤት ተረስቶ ኖሮ፥ በ2017 የጥንቸል መሆኑ ታወቀ፤ ዘመኑም 1ኛው ምዕት ዓመት ሆኖ ተገኘ። የቢላዋ ምልክት ስላልነበረበት፥ ሊቃውንቱ በቤት የምትጠበቅ ለማዳ ሳትሆን አትቀርም ብለው ገመቱ።

ኋላ ግን ርካሹ ሳጥን አሸነፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥጋ እየተሰፈረ ይታደል በነበረባት እንግሊዝ ብዙ ቤተ ሰብ በጓሮው ጥንቸል አረባ። ጦርነቱ አለፈ፤ ሳጥኑ ቀረ።

በሀገራችን የጥንቸል ሥጋ በብዙ ቤት አይበላም። ታዲያ የምናደልባት ለማን ነው? ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የሚሞርደውም ሣርና ድርቆሽ ማኘክ ነው። ስለዚህ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይታጣ፤ ዳቦና እህል ግን ሆዷን ያውካል፥ ያወፍራታልም። ቤቷ በኋላ እግሯ ቆማ የምትመለከትበት፥ የምትሮጥበት፥ ስትደነግጥም የምትሸሸግበት ይሁን። በዋሮ ተኩላ ፋንታ የሰፈሩን ውሻ ያስቡ። በግቢ ከሆነም ከአፈሩ ሥር ሽቦ ይቅበሩ፤ የእስፓኟ ልጅ መቆፈሯን አልተወችምና።